መንጠቆ የሌለበት ሳምንት

ግንቦት 1፣ ዓርብ

የቴሌቪዥን ጥገና ሱቄ ዛሬ ዝግ ነው። ጠዋት ከአያሃ ሰፈር ወዲያ ወዳለው የዓብዲወሊ አትክልት ቦታ ሄድኩ። ዝናቡ የመስኖ ኩሬውን ሞልቶታል። ካርፕ የሚባሉት ዓሦቹ ከባለቤታቸው ይልቅ ወፍረዋል... ይህንኑ ነገርኩት። የዚህ አገር ሰው ቢሆንም ጅግጅጋ ስላደገ የአማርኛ ቀልድ አያመልጠውም። ስምምነታችን እንደ ድሮው ነው፤ በመንጠቆ ብቻ፣ በሳምንት ሁለት ዓሣ። መረብ የሚባል ነገር የለም። "ካንተ በቀር ለማንም ይህን በር አልከፍትም" አለኝ።

ምሳ የእህቴ ልጅ ሰብሪና ጋ። ባሏ ሙሰዓብ ስለ ዓሣ ሲጠይቀኝ ዋለ። ከተጋቡ ሦስት ዓመታቸው፤ እንዲህ ሲያዳምጠኝ ገና ዛሬ! ደስ አለኝ።

ግንቦት 3፣ እሑድ

ሙሰዓብ ሱቅ ድረስ መጣ። "አጎቴ፣ ማባበያውስ?"

"በቆሎ ቀቅለህ በራሱ ውሃ ሁለት ቀን ተወው። ሽታው ሰብሪናን ከቤት ካላስወጣት ገና ነው።"

ሳቀ። ስልኩ ላይ ጻፈ። ሰው የኔን ወሬ ይጽፋል እንዴ?

ሌላውንም ነገርኩት። ፍሬውን መንጠቆው ላይ አልሰካም፤ በአጭር ክር ከሥሩ አንጠለጥለዋለሁ። ካርፕ ምግቡን ስቦ መልሶ ይተፋል፤ ሲተፋ መንጠቆው ከንፈሩን ይይዘዋል። ማንም አላስተማረኝም። ስንት ዓሣ አሹፎብኝ ነው የገባኝ።

ግንቦት 5፣ ማክሰኞ

ከሥራ በፊት ኩሬው ጋ ደርሼ መጣሁ። ዛሬም በቆሎ በተንኩ፣ ያለ መንጠቆ። እስከ ዓርብ እንዲሁ ይብሉ፣ ቦታውን ይመኑ። ጅራቷ የተሰነጠቀው ትልቋም መጣች። "አማቴ" ነው የምላት፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሩቅ እያየችኝ አልቀርብ ብላኛለች። ዛሬ እግሬ ሥር በላች!

ለሙሰዓብ ደወልኩ። "የት ጋ ነው የምታበላቸው?" ነገርኩት። "በስንት ሰዓት?" እሱንም።

ግንቦት 7፣ ሐሙስ

ሰብሪና ለምሳ ጠራችኝ። "አጎቴ፣ ሙሰዓብ ዓሣ አጥማጅ ሆነልህ!" ሳህኑን አቀረበች። የተሰነጠቀ ጅራት...

"በምን ያዝካት?" አልኩት።

"በመረብ ነዋ። አንድ ቦታ ሰብስበህ አቆየህልኝ እኮ! የቀሩትን ምግብ ቤት ወሰዳቸው።"

"ማን አስገባህ?"

"'አጎቴ ኢስማዒል ነው የላከኝ' አልኩት፣ የዓብዲወሊን አትክልተኛ።" ሳቀ። እኔም የምስቅ መስሎታል።

ሰብሪና እስክቀምስ ቆማ ትጠብቃለች። ምንም አታውቅም። ጎረስኩ።

"ጣፈጠ?"

"ጨው ያንሰዋል።"

ሲጠይቀኝ፣ ሲስቅልኝ፣ ሲጽፍልኝ... ያለ መንጠቆ ሲያበላኝ ነበር የሰነበተው። እኔም ቦታውን አመንኩ።

ግንቦት 8፣ ዓርብ

ዓብዲወሊ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

"መረብ ላክህብኝ?"

"ወላሂ አልላክሁም።"

"ሁሌ ትቀልዳለህ። በል፣ ይህንንም ቀልድ ነው በለኝ።"

ቀልድ ባልለመደ አፍ ብናገረው ኖሮ ያምነኝ ነበር?

"ታዲያ ስምህን ይዞ የመጣው ማን ነው?"

ሙሰዓብ በዚህ አገር የመኖሪያ ወረቀት የለውም። ስሙን ከጠራሁ ፖሊስ ነው፣ ከዚያ ከድንበር ማዶ መባረር። ሰብሪናስ?

"ቦታውን የተናገርኩት እኔ ነኝ" አልኩ። ውሸት አይደለም።

"እንግዲያው በቃ፣ ኢስማዒል።" በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። በኃይል ቢዘጋው ይሻለኝ ነበር።

ግንቦት 15፣ ዓርብ

የትም አልሄድኩም።

ሙሰዓብ ደወለ። "አጎቴ፣ አየር ማረፊያው አጠገብ ሌላ ኩሬ አግኝቻለሁ። ካርፖቹ ይመጣሉ ግን አይበሉም። ምን ላድርግ?"

"አላውቅም።"

"እንዴ! አንተ?"

"አላውቅም፣ ሙሰዓብ።"

"አሞሃል እንዴ?"

"ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ሰብሪናን ሰላም በልልኝ።"

ዘጋሁት። ስለ ካርፕ ተጠይቄ መልስ ያጣሁበትን ቀን አላስታውስም። ዛሬም አላጣሁም።