በፊውዝ ፋንታ ምስማር

ናይሮቢ፣ ግሮጋን
እሑድ፣ ጁላይ 8 ቀን 2001

የምወድህ ባባ ኪያሎ፣

እንዴት ከርመሃል? ካምፓላ ዝናቡ አላስቸገረህም? እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ፈርቻለሁ። ይህን የምልክልህ በካምፓላው አውቶቡስ ሹፌር በኪቶንጋ እጅ ነው፤ ነገ ጠዋት ይደርስሃል። አንብበህ እንደጨረስክ ዕቃህን ሰብስበህ ከእሱው ጋር ተመለስ። ልጃችን ኪያሎ ወይ ሰው ሊገድል ነው፣ ወይ ሊገደል ነው። ይህን ያመጣሁበትም እኔ ነኝ።

ወያላ ሆኖ በሚሠራበት ማታቱ ሚኒባስ ከኋላ ወንበር ሥር የሠራህለትን የዉፈር ሳጥን፣ ያን ወፍራሙን የባስ ድምፅ የሚያወጣውን፣ መቼም አትረሳውም። ሁለቱን ዉፈሮች በልካቸው ሳጥን ሠርተህ፣ በልካቸው አምፕሊፋየር አጋብተህ ነው የሄድከው። አንተ ከሄድክ ወዲህ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ማቆሚያው ላይ በሚደረገው የድምፅ ግጥሚያ ባራሳ አሸነፈው። ያን በእኛው መስመር የሚሠራውን አፉ የማያርፍ ወያላ ታውቀዋለህ። "ይሄ ባስ ነው ወይስ ሕፃን እያስነጠሰ ነው?" አለው ተሳፋሪው ሁሉ እየሰማ። ኪያሎ ይህን ሰምቶ ዝም የሚል ልጅ ነው? እጥፍ ጉልበት ያለው አሮጌ አምፕሊፋየር ከየት እንደሆነ እንጃ አምጥቶ ገጠመ። ገመዱ ያው የድሮው ቀጭኑ ነው። ፊውዙ ተቃጠለ። ቀየረው፣ ደግሞ ተቃጠለ። በመጨረሻ በፊውዙ ቦታ ምስማር ሰካበት።

"ማማ፣ ምስማር አይቃጠልም!" ብሎ ሳቀብኝ።

"ምስማሩማ አይቃጠልም፤ የሚቃጠለው መኪናው ነው" አልኩት።

"አንቺ ደግሞ ከትራፊክ ፖሊስ ባስሽ!"

ሐሙስ ዕለት ወንበሩን አንስቼ ገመዱን ብነካው ጣቴን ለበለበኝ። ላስቲኩ ቀልጦ ወለሉ ላይ ተጣብቋል፤ በአጠገቡ የነዳጁ ቱቦ ያልፋል። እዚያ ወንበር ላይ የሚሽቀዳደሙት ደግሞ ጠዋት ጠዋት የተማሪ ልጆች ናቸው፤ የባሱ ድምፅ ሲነዝራቸው ደስ ይላቸዋል። ምስማሩን ነቀልኩት፤ ሌላ ሰካ። የመኪናው ባለቤት ዘንድ ሄጄ ብናገር "ተሳፋሪ የሚመጣው በሙዚቃው ነው" ብሎ መለሰኝ።

አርብ ኪያሎ ምሳ ሊበላ ሲወጣ ቢላ ይዤ ገባሁና አንዱን ዉፈር ቀደድኩት። ገመዱን ብቆርጠው ወዲያው ይቀጥለዋል። ዉፈሩ ከተቀደደ ግን ያን አምፕሊፋየር ያነሳዋል፣ ጉልበቱ በዝቶ ነው የቀደደው ብሎ ያስባል አልኩ። ሞኝ ነኝ! ጉልበት የበዛበት ዉፈር የሚለቀው ጠርዙ ላይ ነው፤ የእኔው መሃል ለመሃል ቀጥ ብሎ የተሰነጠቀ። ይህን ያህል ዓመት በጋራዥና በመለዋወጫ ሰፈር፣ ግሮጋን ውስጥ ኖሬ ይህ እንዴት ይጠፋኛል? ፍርሃት ነው ያደነዘዘኝ።

ትናንት ግጥሚያው ላይ ሲከፍተው ዉፈሩ ተንተፋተፈ። ባራሳ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ኪያሎ ወንበሩን ገልብጦ አየና "በቢላ ነው! የባራሳ ሥራ ነው!" ብሎ ጮኸ። በዚህ ከተማ የሰው ዉፈር በቢላ መንካት የደም ነገር ነው፤ የዳንዶራ ሰፈሩ ልጅ ዓይኑን ያጣው ለዚሁ ነው።

ወሬው ሲደርሰኝ ነጠላ ጫማዬን አጥልቄ በሩጫ ሄድኩ። በሁሉም ፊት "የቀደድኩት እኔ ነኝ!" አልኩ። ጓደኞቹ ሳቁ። ኪያሎ ግን ትከሻዬን ያዝ አድርጎ፣ "ማማ፣ ባራሳን ለማዳን ብለሽ ነው። አንቺ የባባን ሥራ በቢላ ልትነኪ? ተይ እንጂ! ሂጂ ቤት" አለኝ። በቁጣ ቢናገረኝ ይሻለኝ ነበር። ያላመነኝ በፍቅር ነው።

ዛሬ የጎማ መፍቻውን ብረት ከጃኬቱ ሥር አድርጎ ነው የወጣው። ባራሳ የመጨረሻውን ዙር ጨርሶ ሲወርድ ሊጠብቀው ነው። የባራሳ ጓደኞችም እጃቸውን አጣጥፈው አያዩም። ፖሊስ ልጠራ አልኩና ተውኩት፤ አንዴ ከያዙት ማን ያስፈታልኛል?

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ለኪቶንጋ ሰጥቼ በቀጥታ ወደ ማቆሚያው እሄዳለሁ። ቢላው ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ሁለተኛውን ዉፈር ዓይኑ እያየ ልክ እንደ መጀመሪያው አድርጌ እቀደዋለሁ። ያኔ ያምነኛል። አንተም ይቅር በለኝ፤ ያንን ሳጥን ስትሠራ ስንት ቀን እንደለፋህበት አይቻለሁ።

ካመነኝ በኋላ ዓይኔን የሚያይ አይመስለኝም። ይጥላኝ፤ ብቻ ይኑርልኝ። አንተ ግን ሳትውል ሳታድር ና፤ ከእናቱ ሲጣላ የሚጠጋው አባት ያስፈልገዋል።

እግዚአብሔር በሰላም ያግባህ። ድንበሩ ላይ ይበርዳል አሉ፣ ሹራብህን ደርብ።

ባለቤትህ ሙቴው