ደከመ ያልኩህ መብራት

ልጄ ፍቅረማርያም፣ መድኃኔዓለም ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ። ደህና ነኝ አልልህም። ይህን የምትጽፍልኝ እህትህ ሉሲ ናት፤ ምክንያቱን ትደርስበታለህ።

የሳንሱሲ መንገድ ተቆፍሮ አቧራው ቤት ገብቷል። ሉሲም ጦር ኃይሎች ካለው ሱቋ የምትመለሰው እኔ ከተኛሁ በኋላ ነው።

በትምህርት ቤትህ ላብራቶሪ ውስጥ ሠርተህ የላክህልኝን፣ ፕላስቲኩ ራሱ የሚበራ መብራት፣ ዕድሜው እንዲለካ እንዳዘዝከኝ በየማታው እያበራሁ፣ የአራተኛ ክፍል መጽሐፍህን ገልጬ ስንት መስመር እንዳነበብኩ ነገርኩህ። መጀመሪያ ገጹን ሙሉ፣ ከዚያ ግማሹን፣ በመጨረሻ ርዕሱን ብቻ። ስምንት ወር ሙሉ ስትደውል «እማዬ፣ መብራቱ እንዴት ነው?» ነው። ደከመ ባልኩህ ቁጥር፣ ፕላስቲኩ ዕድሜ አጣ ብለህ ድምፅህ ይሰበራል። አባትህ የሞተ ጊዜ እንኳ እንዲያ አልተሰበረም።

እሑድ ጎረቤታችን እትዬ ዓለም መጡ። በሰባ ስምንት ዓመታቸው፣ ያለ መነጽር፣ በዚያው መብራት ገጹን ጥርት አድርገው አነበቡት። ሰኞ ሐኪም ቤት ሄድኩ፤ ሁለቱንም ዓይኔን ሞራ ሸፍኖታል አሉኝ።

መብራትህ አልደከመም። ለአስተማሪህ ንገረው፤ በእኔ ጥፋት እንዳታፍር። ፈጣሪ የእጅህን ሥራ ይባርክልህ። ከእንግዲህ ስለ መብራቱ እትዬ ዓለምን ጠይቃቸው። ለእኔ ስትደውል ግን፣ እባክህ፣ «እማዬ፣ አንቺስ?» በለኝ።