ሚስተር ዶናል ስለ አንተ ሲጠይቁኝ

ልጄ ዮዳሄ፣ ደብሊን ድረስ ቅዱስ ዑራኤል በክንፉ ይጋርድህ። እኛ ደህና ነን፤ እህትህ ቤቴል ሥራ ጀምራለች፤ የሕንፃችን ሊፍት ግን ዛሬም አልተሠራም።

ከረጢት ያለውን የአየርላንድ የሙዚቃ መሣሪያ፣ ባግፓይፕን ያስተማሩህ ሚስተር ዶናል ጣታቸው ታጥፎ ቀርቷል። ጠዋት ጠዋት ገላቸውን ላጥባቸው ቤታቸው ስሄድ «ልጃችን የት ተጫወተ?» ይሉኛል። የሰጡህን ባግፓይፕ ሰቅለህ ሆቴል ሥራ መግባትህን ልነግራቸው ብል አፌ አልታዘዝ አለኝ፤ የድሮ የሙዚቃ ቅጂህን አዲስ አስመስዬ አሰማቸዋለሁ።

ማክሰኞ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና «ይሄማ እዚሁ ሳሎኔ ውስጥ የተጫወተው ነው፤ የግድግዳ ሰዓቴ ይሰማል» አሉኝ። ሌላ ግን አልጠየቁኝም፤ እንዳደርቅላቸው እጃቸውን ብቻ ዘረጉልኝ።

መሸሻ የለኝም፤ ነገም የማጥባቸው እኔ ነኝ። ለምን ተውከው አልልህም። እባክህ ኮል አድርገህ ራስህ ንገራቸው። እጅህ የነካውን ሁሉ ይባርክልህ።

እናትህ እንቁ