በላዬ ያለፈው ጽዋ

ሐሙስ፣ ግንቦት 14

ድኛለሁ። ስድስት ወር ሙሉ የዋጥኩት የቲቢ ኪኒን ዛሬ አለቀ። ነርሷ አንገቴን ዳብሳ «እትዬ በላይነሽ ጨርሰዋል፤ ሁለተኛ እዚህ እንዳላይዎት» አለችኝ። ሳቅሁ። ባጃጅ ተውኩና በመናኸሪያው በኩል በእግሬ መጣሁ፤ ብርድ ቢሆንም ነጠላዬን ከአንገቴ አወረድኩት። ሰው ይየኝ ብዬ ነው።

በሁለተኛው ወር ዕብጠቱ ሲጠፋ ላቆም ብዬ ነበር። ነርሷ ተቆጣችኝ። «ዕብጠቱ ሄደ እንጂ ባክቴሪያው አልሄደም» አለች። ሰውነታችን ጀርም የሚውጡ ዘበኞች አሉት አሉ። ይህን ባክቴሪያ ግን ውጠውት በአሲድ ሊያቀልጡት ሲሉ አሲዱ እንዳይደርስበት ይከለክላል፤ እዚያው ዘበኛው ሆድ ውስጥ ተኝቶ ይኖራል። እስኪነቃ እየጠበቁ መምታት ነው። እንዲጠብቀኝ የተቀመጠው ጠላቴን አቅፎ ሲያስተኛ፣ ጉድ ነው።

ዓርብ፣ 15

የምስራቹን ይዤ ጥሩዬ ቤት ሄድኩ። አበልጄ ናት፣ ልጇን ክርስትና ያነሳሁ እኔ ነኝ። የማርያም ማህበራችን ጽዋ እሷ ዘንድ ነው። ባለፈው ወር ለእኔ ነበር የሚሰጠው፤ የማህበሩ ሰብሳቢ እትዬ ዘውዴ በላዬ አሳልፈው ለእሷ ሰጡ። ከታመምኩ ወዲህ እኔን በፕላስቲክ ኩባያ ነው የሚያጠጡኝ።

«ተራዬን መልሽልኝ» አልኳት።

«ለአንቺው ብለን ነው አበልጄ፣ እንድታርፊ።»

«የአንገት ዕጢ ቲቢ በጽዋ አይተላለፍም፤ ነርሷ ነግራሻለች።»

«ነርሷ የማህበሩ አባል ናት እንዴ?»

ተነስቼ ወጣሁ። ፍርሃቱም ሆዳቸው ውስጥ ተኝቷል። ለእሱ ኪኒን የለም።

ቅዳሜ፣ 16

እትዬ ዘውዴን ልጆቻቸው ፊት ጠየቅኋቸው። «ወይ ተራዬን ይስጡኝ፣ ወይ ከማህበሩ ያውጡኝ» አልኩ። እሳቸው ምስራቸውን መልቀም ቀጠሉ። ስመለስ መንገድ ላይ አለቀስኩ፤ በሽታው ሲነገረኝ እንኳ አላለቀስኩም።

እሑድ፣ 17

ከቅዳሴ መልስ ጥሩዬ ጽዋውን በነጠላ ጠቅልላ መጣች። ግቢ ብላት አልገባችም።

«እትዬ ዘውዴ ይሁን ብለዋል። እንዳትቀየሚ ብቻ፣ ሁላችንም ኩባያችንን ይዘን እንመጣለን።»

«ይዛችሁ ኑ» አልኳት።

የማህበሩን ጠላ እኮ ኪኒኑ ሳያልቅ ነው የጠነሰስኩት። ለማንም አልተናገርኩም። ቢከለክሉኝ ለማን ላጠጣው እንደነበር እኔም አላውቅ።

የማህበሩ ቄስ አባ ጽዋውን ባርከው ሲሰጡኝ መጀመሪያ እኔ እጠጣለሁ። ከዚያ ለጥሩዬ አቀብላለሁ፤ እስክትቀበለኝ ድረስ እጄን አላጥፍም። ትቀበለኝ ይሆን? ኩባያ የያዘች ኩባያዋን ደጅ ታስቀምጥ። አንዲትም እንዳትቀር፣ ታምሜ ሳለሁ ሲያዩኝ መንገድ የተሻገሩብኝም ይምጡ። ሐሙስ፣ ግንቦት 21፣ የማርያም ዕለት፣ እኔ ቤት።