የጋሽ ሐምዳን ትከሻ

ጥቅምት 8፣ ጠዋት 1፡20
የዳቡስን ወንዝ እየተሻገርን ነው። ታንኳው የጋሽ ሐምዳን ነው። ዛሬም በክንዳቸው ብቻ ይጎትታሉ። ሦስት ጊዜ ሲቀዝፉ ቀኝ ትከሻቸው ይወጠራል፣ ፊታቸው ይጨማደዳል። የያዘው አሥራ አራት ተማሪና አንዲት የስፖርት መምህርት፣ እኔን። ሌላ ታንኳ የለም። እሳቸው ካቆሙ ት/ቤት የሚደርስ ልጅ አይኖርም።

ማስታወሻዬ፣ ካያክ የሚባለውን የስፖርት ጀልባ አቀዛዘፍ ኮሌጅ ተምሬያለሁ እኮ። ሰሌዳ ላይ። ካያክ በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ የትምህርቱ ጥራዝ ግን አለኝ።

ጥቅምት 10
መከርኳቸው። ክንድ ይዘርጋ፣ ወገብ ይዙር፣ ጉልበቱ ከጀርባ ይምጣ። እሺ አሉ፣ ለይሉኝታ። ማታ ሲመልሱን ሕመሙ ብሶባቸዋል። አፈርኩ። ቅባት ገዛሁላቸው።

ጥቅምት 13፣ ምሳ ሰዓት
ጥራዙን እንደገና አነበብኩ። አንድ መስመር ዘልዬ ኖሯል። ቀዘፋ የሚጀምረው ከእግር ነው፤ በቀኝ ሲቀዘፍ ቀኝ እግር ይገፋል። በራሴ ተናደድኩ።

ጥቅምት 14፣ ጠዋት
ልቅዘፍ አልኳቸው። ሳቁ፣ ቦታ ለቀቁልኝ። የታንኳው ወለል ላይ በስተቀኝ ተረከዝ የሚያህል ጉድጓድ አለ። ለዓመታት ሲረግጡት የተበላ እንጨት ነው። አሁን ደለል ሞልቶታል። ለምን አይረግጡትም ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እግሬ እኮ አይሰማኝም፣ መምህር። አያምም። ትከሻ ነው የሚያመው።»

ቀኝ እግራቸው የተጠቀለለበትን ጨርቅ ፈታሁት። ተረከዛቸው ቆስሏል፣ ዙሪያው ጠቁሯል። ክረምት ላይ እሾህ ወግቷቸው ነበር። ሳምንት ሙሉ ከወገባቸው በታች አላየሁም። ደነገጥኩ።

ያው ቀን፣ 5፡00
የጤና ኬላዋ ሠራተኛ አየችው። ስኳር ሳይሆን አይቀርም፣ ዛሬውኑ አሶሳ ሆስፒታል ይሂዱ፣ ከዘገዩ እግሩን ያጡታል አለች። እምቢ አሉ። ልጆቹን ማን ያሻግራል ነው ነገሩ። እኔ አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ።

7፡30
ባዶውን ታንኳ ሦስቴ አስመላለሱኝ፣ ዳር ተቀምጠው እያዩ። እግራቸው ረጅም ነው፤ የእኔ ጉድጓዱ ጋ አይደርስም። ጥራዙን ጠቅልዬ ወተፍኩበት። ረገጥኩት። ታንኳው ቀጥ ብሎ ሄደ፣ ትከሻዬም ምንም አላለኝ። ጋሽ ሐምዳን ተነስተው የአሶሳ ሚኒባስ ውስጥ ገቡ።

ጥራዙ ርሷል። እዚያው ይሁን። ነገ 1፡00 ላይ አሥራ አራቱም ይመጣሉ።