ትንሹን ዳቦ ከስምንት ወደ ሦስት ላወረዱት ገዥ

ለተከበሩ የማዕከላዊ ባንክ ገዥ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ወለድ ምጣኔው ከፍ ብሎ እንዲቆይ፣ ደም ግፊትዎ ግን እንደ መግለጫዎ በየወሩ እየወረደ እንዲሄድ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ስምንተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ጎብኝቼ የተመለስኩ፣ በአጎቴ ዳቦ ቤት የዋጋ ሰሌዳ ጸሐፊ ስሆን፣ ሰፈሩ «ጠመኔ» ብሎ ይጠራኛል። ማዕረጋችን ቢራራቅም ሥራችን አንድ ነው፤ እርስዎም እኔም ቁጥር እንጽፋለን፣ ሌላ ሰው ይከፍላል። በዚህ የሥራ ባልደረብነት ተደፋፍሬ የሚከተለውን አመለክታለሁ።

1ኛ. ባለፈው ወር በምሳ ሰዓት በሬዲዮ ቀርበው የዋጋ ንረት ከሃያ አንድ በመቶ ወደ አሥራ ስድስት መውረዱን ስላበሰሩን እጅ እነሣለሁ። አጎቴ በዚያ ሰዓት እስከ ክርኑ ሊጥ ውስጥ ነበር። እርስዎ ሲናገሩ ማቡካቱን አቁሞ የሚያዳምጥ ሰው በከተማው ከእሱ ሌላ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ከሃያ አንድ አሥራ ስድስት ሲቀነስ አምስት መሆኑን ሊጥ በለበሰ ጣቱ ቆጠረና፣ አምስት ወርዷል ከተባለ የእኛም አምስት ይውረድ፣ ሰሌዳውን አስተካክል አለኝ። ሃያ የነበረው ትልቁ ዳቦ አሥራ አምስት፣ ስምንት የነበረው ትንሹ ሦስት ሆነ። ንረት ወረደ ማለት ዋጋ ወረደ ማለት እንዳልሆነ፣ ዋጋው ያው ሽቅብ እየሮጠ ትንሽ ትንፋሽ አጥሮት ብቻ እንደሆነ የሰፈራችን የሒሳብ መምህር በኋላ በትዕግሥት አስረድቶናል። ሲያስረዳን በሦስት በሦስት የገዛቸውን ስድስት ትንንሽ ዳቦዎች ታቅፎ ነበር።

2ኛ. ለሰልፉም ምስጋናዬ ይድረስዎ። አራት ቀን ሙሉ ከበራችን እስከ ጫማ ሰፊው ድረስ ሰው ቆመልን፤ ሰላምታ ካቋረጡን ሁለት ዓመት የሆናቸው ጎረቤቶች ሳይቀሩ አጎቴን አባታችን ማለት ጀመሩ። በአምስተኛው ቀን ዱቄት አከፋፋዩ ዘንድ ሄደን አጎቴ የእናንተስ በስንት ወረደ ብሎ ቢጠይቅ፣ ሰውዬው ሆዱን ይዞ ሳቀና፣ እንዲያውም ከትናንት ወዲህ ጨምሯል፣ ለመሆኑ አንተ ሬዲዮ ትሰማለህ እንዴ ወንድሜ አለው። የዱቄቱን መግዣ ሰልፉ በልቶት ነበር።

3ኛ. ብድር ጠየቅን። የብድር ክፍሏ ሴትዮ እንደ እርስዎ ትሑት ናት። አጎቴን አባባ ይቀመጡ ብላ ወንበር ከሳበችለት በኋላ፣ ማዕከላዊ ባንኩ ንረቱን ለማብረድ ባንኮች በዓመት የሚያበድሩትን መጠን እንደወሰነ፣ የእነሱም ድርሻ ለትልልቆቹ ደንበኞች ተሰጥቶ እንዳለቀ፣ በሚቀጥለው የበጀት ዓመት ብቅ ቢል እንደምታስታውሰው ነገረችው። ገበያውን ለማቀዝቀዝ መነሣትዎን ሰምቼ ነበር። የገበያውን አላውቅም፤ የእኛ ምድጃ ግን ቀዝቅዟል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድም ቀን በርዶ የማያውቅ ምድጃ ነው። ትናንት እጄን እስከ ትከሻዬ አስገባሁ፤ ምንም የለም። መናደድ ይገባኝ ነበር፤ ንዴቱን ቆሜ ጠበቅሁት፣ አልመጣም።

4ኛ. ይህ ቅሬታ በእኔ ላይ የሚቀርብ ስለሆነ ለጊዜው ዘልዬዋለሁ።

5ኛ. የብረታ ብረት ነጋዴው ሜትር ይዞ መጥቶ ምድጃውን ለካው። በኪሎ ነው የሚገዛው። የቤት ኪራይ ስላለብን በወሩ መጨረሻ ይወስደዋል።

አሁን ወደ አራተኛው ልመለስ። ያን ቀን አጎቴ ጠመኔውን ካቀበለኝ በኋላ ትንሽ አመንትቶ ነበር። ዋጋ ያላወረደ ዳቦ ቤት ይታሸጋል ተብሏል፣ ላወረደ ደግሞ ከገዥው ቢሮ ተቆጣጣሪ መጥቶ ማኅተም ያለበት ምስጋና ይሰጠዋል ጋሼ፣ ያልኩት እኔ ነኝ። ሌላ ምክንያት የለኝም፤ ሰሌዳው ላይ ሦስት ተጽፎ ማየት አምሮኝ ነው። ሲመሽ ውሸቴን እንደሆነ ስቄ ልነግረው ነበር። ሰልፉ መጣ፣ ፊቱ በራ፣ ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ አራቱ ቀን አለቀ። እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ቁጥሩ የእርስዎ፣ ቀልዱ የእኔ፣ ምድጃው የእሱ ነው።

አጎቴ እስካሁን ተቆጣጣሪውን ይጠብቃል። በየጠዋቱ የታጠበ ሽርጥ ለብሶ በሩ ላይ ይቀመጣል፤ ቦርሳ የያዘ ሰው ባለፈ ቁጥር ከወንበሩ ይነሣል። ባለፈው ሳምንት ለቧንቧ ቆጣሪ አንባቢው ተነሥቶ ሰሌዳውን አሳየው። እውነቱን ብነግረው ምድጃውንም ያሳደገውን ልጅም በአንድ ወር ያጣል፤ ባልነግረው ደግሞ እንዲሁ ይቀመጣል። ስለዚህ ብድር አልጠይቅዎትም፣ ወለዱም ባለበት ይቆይልዎ። የምለምነው አንድ ቦርሳ የያዘ ሰው ብቻ ነው። ለአምስት ደቂቃ መጥቶ፣ ሰሌዳውን ቀና ብሎ አይቶ፣ ደግ አድርገዋል ብሎት ይሂድ። ማኅተም ባይኖረውም ግድ የለም፤ አጎቴ መነጽሩን ሸጧል።

ትንፋሹ ካጠረው ዋጋ ኋላ እያለከለኩ፣ ለከፍተኛ መሥሪያ ቤትዎ ያለኝን ልክ የሌለው አክብሮት በድጋሚ የማረጋግጥ፣
የቀዝቃዛው ዳቦ ቤት የሰሌዳ ገዥ
ጠመኔ

ማስታወሻ፦ ይህን አጥፌ ፖስታ ውስጥ ልክተት ስል ንረቱ ከአሥራ ስድስት ወደ አሥራ ሦስት መውረዱን በሬዲዮ አበሰሩ። አጎቴ ሊጥ በሌለበት ጣቱ ቆጥሮ ሦስት ነው አለኝ፤ ወጥቼ አስተካከልኩ። ትልቁ ዳቦ አሥራ ሁለት፣ ትንሹ ዜሮ ሆኗል። መግለጫዎን እስከ መጨረሻው የፈጸመ ዳቦ ቤት የእኛ ብቻ ስለሆነ፣ ተቆጣጣሪዎ ሲመጣ ትንሹን በነፃ እንዲወስድ ተጋብዟል፤ ብቻ ቁርሱን ከቤቱ በልቶ ይምጣ።