የኮርኒሱ አበባ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

አገሩ እንዴት ይዞሃል? እኛም፣ ገጠር ያለው አሮጌ ቤታችንም ደህና ነን።

አባባ አልጋቸውን ከፎቅ አስወርደው ሳሎን አድርገዋል። «ኮርኒሱ ላይ የተቀረጸው አበባ የሚያምረው በጀርባ ተኝተው ሲያዩት ነው፤ ዕድሜዬን ሙሉ ቆሜ ሳየው ተሸውጃለሁ» ይላሉ። ለጠመዝማዛው ደረጃ የእጅ መደገፊያ ላሠራ ብዬ የቅርስ ቢሮውን ሰውዬ ጠራሁት። ግድግዳውን እየደባበሰ፣ «የተመዘገበ ቤት ነው፤ ሚስማር አይመታበትም፤ እንደነበረ ይቆያል» ብሎኝ እርፍ! አባባ ከአልጋቸው ሆነው፣ «እባክህ እኔንም አብረህ መዝግበኝ» አሉት። ሰውየው በሳቅ ፈረሰ። እኔ ሻይ ላፈላ ብዬ ወጣሁ፤ ቀድሞ የቀዳሁላቸው ሻይ ግን ገና አልተነካም ነበር።

አንተም ተኝተህ እንድታየው አጠገባቸው ፍራሽ አንጥፌልሃለሁ። አበባው በሕግ ስለተጠበቀ የትም አይሄድም፤ አንተ ግን ለመምጣት ክረምቱን አትጠብቅ።

የእኛም የቤታችንም ሰላምታ ይድረስህ፤
ታናሽ እህትህ